ዊንዶውስ፣ ማክና ሊኑክስን በአንድ ሰርቨር ላስማማልን ልጅ

ቢሮአችን ውስጥ ሒሳብ ክፍል በዊንዶውስ፣ ዲዛይነሮቹ በማክ፣ ፕሮግራመራችን ደግሞ በሊኑክስ ነው የሚሠሩት። ሰርቨር እያለን ፋይል የምንቀባበለው በፍላሽ ነበር። ቀድመው የመጡት ባለሙያ «ሁሉንም ወደ ዊንዶውስ ቀይሩ» ብለውን ሄዱ።

ምስጋናዬ ከሳቸው በኋላ ለመጣው ልጅ ነው፤ እጁ ይባረክ! የማንንም ኮምፒውተር አልነካም። በቀጥታ የሰርቨሩን ሴቲንግ ከፍቶ ሲያይ፣ ፋይል መጋሪያው በአሮጌው ኤስኤምቢ 1 (ኮምፒውተሮች በኔትወርክ ፋይል የሚጋሩበት ደንብ የመጀመሪያው ስሪት) ብቻ እንዲሠራ ተደርጓል። በ2017 ፋይል እየቆለፈ ገንዘብ የሚጠይቀው ዋናክራይ የተዛመተው በዚሁ በኩል ነው፤ ከዚያ ወዲህ የወጡ ዊንዶውሶችም ዘግተውት ነው የሚመጡት። «እንኳንም አልተገናኛችሁ» ብሎ ሳቀብን። ሳምባ የሚባለውን የሰርቨሩን ፋይል መጋሪያ ፕሮግራም አፕዴት አድርጎ 1ን ዘጋ፣ 2ንና 3ን ከፈተ። ሼር ፎልደሩ ሁላችንም ጋ ታየ።

ሊኑክስ ላይ ግን ፋይሉ ይከፈታል እንጂ ሴቭ አይሆንም። ፎልደሩ ሲገናኝ ባለቤትነቱ ለሲስተሙ አስተዳዳሪ ስለሚሰጥ ነው አለ፤ በፕሮግራመራችን መለያ እንዲገናኝ ማዘዣው ላይ ትንሽ ነገር ጨመረና አለቀ።

እኔን የገረመኝ የፋይል ስሙ ጉዳይ ነው። ዲዛይነሮቹ ቀን ሲጽፉ «ፖስተር 12/3» ይላሉ። ማክ ይህን ይቀበላል፣ ዊንዶውስ በፋይል ስም ውስጥ ያቺን ዘንበል ያለች መስመር (/) አይፈቅድም፤ ስለዚህ ሒሳብ ክፍል ስሙ ተበላሽቶ ነበር የሚያየው። ፍላሹን ስንወቅስ ከረምን! በአግድም ጭረት (-) ጻፉ አለን፣ የድሮዎቹንም ቁጭ ብሎ አብሮን አስተካከለ። ይህ የሥራው አካል አልነበረም፣ ተጨማሪም አላስከፈለን።

የጋራው ፓስወርድም ቀርቷል። እያንዳንዱ የራሱ አለው፣ የደመወዝ ፎልደር ለሒሳብ ክፍል ብቻ ይከፈታል (አንዳንዶቻችን ቅር ብሎናል)። የሠራውን ሁሉ በአማርኛ ጽፎ ስለተወልን አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ እሱን አንጠራም።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ስልክ ቶሎ አያነሳም። ቴክስት ካደረጋችሁለት ግን ይመልሳል። ቢሮአችሁ ውስጥ የተለያየ ሲስተም ካላችሁና «አይገናኝም» ከተባላችሁ፣ ሌላ ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት እሱን አማክሩት። ሳያስፈቅዱ ቁጥር መለጠፍ ደግ ስላልሆነ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ።