ናይትረስ ኦክሳይድ፦ በግድግዳው ቧንቧ ወይስ በተንቀሳቃሽ ሲሊንደር?

በሰመመን መስጫ ማሽን ላይ ከሚገኙት መድኃኒቶች መካከል የናይትረስ ኦክሳይድን ያህል ዕድሜ ያለው የለም። ሆሬስ ዌልስ የተባለው አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1844 ጋዙን ራሱ ስቦ ጥርሱን ካስነቀለ ወዲህ ኤተርና ክሎሮፎርም መጥተው ሄደዋል፣ ሃሎቴንም ከብዙ የቀዶ ሕክምና ክፍሎች ወጥቷል፤ ይህ ጋዝ ግን ዛሬም በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ሰፍሮ ይገኛል። ዕድሜ ብቻውን ለግዢ ምክንያት ስለማይሆን፣ ጋዙን ለሆስፒታል እንደሚቀርብ እንደ ማንኛውም ምርት ከብቃቱ፣ ከጉዳቱና ከአቀራረቡ አንጻር መመዘን ተገቢ ነው።

ናይትረስ ኦክሳይድ ደካማ ማደንዘዣ ነው። ከታካሚዎች ግማሽ ያህሉ ቆዳቸው ሲቀደድ እንዳይንቀሳቀሱ ለማድረግ የሚያስፈልገው መጠን ከሚሳበው ጋዝ 104 በመቶ ነው ተብሎ ይሰላል፤ ለኦክስጅን የሚተርፍ ቦታ ስለሌለ በተለመደው የአየር ግፊት ብቻውን ሰውን ለቀዶ ሕክምና ማስተኛት አይችልም ማለት ነው። ብርታቱ ፍጥነቱ ላይ ነው። በደም ውስጥ እምብዛም ስለማይሟሟ ቶሎ ይሠራል፣ ሲዘጋም ቶሎ ይለቃል፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም በጉበት ሳይብላላ በሳንባ ተመልሶ ይወጣል። ሴቮፍሉሬን ከተባለው በትንፋሽ ከሚሳብ ሌላ ማደንዘዣ ጋር ሲሰጥ በአዋቂዎች ላይ የሚያስፈልገውን የሴቮፍሉሬን መጠን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፣ ወደ ደም የሚገባበትንም ፍጥነት ይጨምራል። ሽታው ስለማይከብድ ጭንብል የሚፈራ ሕፃን ሳይታገል ይስበዋል። ለእኔ ግን ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው የሕመም ማስታገሻነቱ ነው፤ ሰውን ሳያስተኛ ሕመምን በደቂቃ ውስጥ የሚያበርድና በደቂቃዎች ውስጥ ከሰውነት የሚጠፋ ሌላ መድኃኒት በቀላሉ አይገኝም።

ጉዳቱን በተመለከተ የሚነገረው ሁሉ እኩል ክብደት የለውም። የማቅለሽለሽና የማስመለስ ነገር እውነት ነው፤ በተለይ ቀዶ ሕክምናው ከአንድ ሰዓት ሲያልፍ ጎልቶ ይታያል፤ ነገር ግን በመከላከያ መድኃኒት አብዛኛውን መቆጣጠር ይቻላል። ልብን ይጎዳል የሚለው ስጋት ደግሞ ለዓመታት ሲያከራክር ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ውጤቱ የታተመውና የልብ ሕመም ያለባቸውን ወይም የሚያሰጋቸውን ከ7,000 በላይ ታካሚዎች ያካተተው ኢኒግማ ሁለት የተሰኘ ጥናት ሞትንም ሆነ ድንገተኛ የልብ ጥቃትን፣ የቁስል ኢንፌክሽንንም እንደማይጨምር አሳይቷል። በእርግጥ የሚያስፈራው ሌላ ነው። ጋዙ በደም ውስጥ የሚሟሟው ጥቂት ቢሆንም ከአየሩ ናይትሮጅን ግን 34 እጥፍ ገደማ የበለጠ ስለሚሟሟ፣ አየር ወዳለበት ዝግ ክፍተት የሚገባበት ፍጥነት ናይትሮጅኑ ከዚያ ከሚወጣበት ፍጥነት በእጅጉ ይልቃል። ደረቱ ውስጥ ከሳንባ ያፈተለከ አየር የተጠራቀመበት ታካሚ 75 በመቶ ናይትረስ ኦክሳይድ ቢሰጠው ያ አየር በ10 ደቂቃ ገደማ እጥፍ ሊሆን ይችላል። የተዘጋ አንጀትና የመካከለኛ ጆሮ ቀዶ ሕክምናም በዚሁ ምክንያት ይከለክሉታል። ሁሉም የማያስታውሰው ግን ዓይን ነው፦ ለሬቲና (ብርሃን ለሚቀበለው የዓይን የጀርባ ሽፋን) ሕክምና ሌላ ጋዝ ዓይኑ ውስጥ የተደረገለት ሰው ከሳምንታት በኋላ በሌላ ሕመም ቢመጣና ሳይጠየቅ ናይትረስ ኦክሳይድ ቢሰጠው ዓይነ ስውር ሊሆን ይችላል። ከዚህ ሌላ ጋዙ ቫይታሚን ቢ12ን ከሥራ ውጭ ያደርጋል። ይህ ለአንድ ቀዶ ሕክምና ብዙም የሚያሳስብ አይደለም፤ ቀድሞውኑ የቫይታሚኑ እጥረት ላለበት ሰውና ለመዝናናት ደጋግሞ ለሚስበው ግን የአከርካሪ ነርቭ ጉዳት ያስከትላል።

ምርቱ ክፉኛ የሚወድቀው በአቀራረቡ ነው። ብዙ ሆስፒታሎች ትልልቅ ሲሊንደሮችን በአንድ ክፍል ደርድረው ጋዙን በግድግዳ ውስጥ ባለፈ ቧንቧ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍሎች ያሰራጫሉ። በብሪታንያ ሆስፒታሎች የተገዛውን ጋዝ ታካሚዎች ከሳቡት ጋር ያነጻጸሩ ምርመራዎች አብዛኛው ታካሚ ጋ ሳይደርስ እንደሚባክን አሳይተዋል። ብክነቱ ሳይታወቅ የሚቆይበት ምክንያት ከጋዙ ባሕርይ የሚመጣ ነው። በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው አብዛኛው ፈሳሽ በመሆኑ፣ ፈሳሹ ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ የግፊት መለኪያው ከ50 ባር አካባቢ ንቅንቅ አይልም፤ እንደ ማብሰያ ጋዝ ሁሉ የቀረውን ለማወቅ መመዘን ያስፈልጋል። አንዱ ረድፍ ሲያልቅ ሌላው በራሱ ስለሚከፈት፣ የሚያፈስ መገጣጠሚያ ቢኖርም በቀዶ ሕክምና ክፍሉ ውስጥ ያለው ባለሙያ ምንም ለውጥ አያይም። የፈሰሰው ጋዝ ደግሞ በከባቢ አየር ውስጥ ከመቶ ዓመት በላይ ይቆያል፣ የዓለም ሙቀትን የመጨመር አቅሙም በመቶ ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 273 እጥፍ ገደማ ነው፤ የኦዞን ሽፋንንም ይጎዳል። የአሜሪካ የሰመመን ሐኪሞች ማኅበር ማዕከላዊው ቧንቧ እንዲዘጋና በማሽኑ ላይ በሚታሰሩ ትንንሽ ሲሊንደሮች እንዲተካ የመከረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ምክሩ ዘገየ እንጂ አልተጋነነም።

ከኦክስጅን ጋር እኩል ለእኩል ተደባልቆ በአንድ ሲሊንደር የሚቀርበው ኢንቶኖክስ የተለየ ውጤት ይገባዋል። ብሪታንያዊው ማይክል ተንስታል እ.ኤ.አ. በ1961 ለምጥ ካስተዋወቀው ጀምሮ ዋና ጥበቃው ያው ነው፦ ጭንብሉን ወይም የአፍ መሳቢያውን የምትይዘው ምጥ ላይ ያለችው እናት ራሷ ነች፣ እንቅልፍ ሲያሸልባት እጇ ይዝላል፣ ጋዙም ይቋረጣል። ማስታገሻው ለመድረስ ከግማሽ እስከ አንድ ደቂቃ ስለሚፈልግ ምጡ ሲያይል ሳይሆን ገና ሲጀምር መሳብ አለባት፤ ይህን አዋላጇ አስቀድማ ካላስረዳቻት መድኃኒቱ አይሠራም የሚል ቅሬታ ይከተላል። ሕመሙን እንደ ወገብ መርፌ ጨርሶ አያጠፋም፤ ያንን የሚጠብቅ ያዝናል። አንድ ማስጠንቀቂያም አለው፦ ሲሊንደሩ ከዜሮ በታች 6 ዲግሪ ገደማ ከቀዘቀዘ ውህዱ ይለያያል፣ መጀመሪያ በአብዛኛው ኦክስጅን፣ በመጨረሻ ግን ኦክስጅን ያነሰው አደገኛ ጋዝ ይወጣል። የቀዘቀዘ ሲሊንደር ሞቅ ባለ ክፍል ቆይቶና ተገለባብጦ ሳይደባለቅ ለታካሚ መቅረብ የለበትም።

ስለዚህ የአዋቂዎችን ረጅም ቀዶ ሕክምና በኦክስጅንና በአየር፣ በደም ሥር በሚሰጠው ማደንዘዣ በፕሮፖፎል ወይም በሴቮፍሉሬን መሥራት ለሚችል ክፍል የናይትረስ ኦክሳይድ ቧንቧ መዘርጋትን አልመክርም፤ ያለውም ቢሆን ተፈትሾ ቢዘጋ የሚጎድል ነገር የለም። ለሕፃናት፣ ለጥርስ ሕክምና፣ ለተሰበረ አጥንት ማቃኛና ለምጥ ግን ተንቀሳቃሹ ሲሊንደር ዋጋውን የሚመልስ ግዢ ነው። የሚገዛው ክፍል አብሮ የክፍሉን የአየር ዝውውር ያስመርምር፤ እናቶች የሚያስወጡትን ጋዝ ቀኑን ሙሉ የሚተነፍሱት አዋላጆቹ ናቸውና። የበጀት አቅም ካለ፣ በስዊድን ሆስፒታሎች የሚሠራበት የተተነፈሰውን ጋዝ ሰብስቦ ወደ ናይትሮጅንና ኦክስጅን የሚከፋፍል መሣሪያ በግዢ ጥያቄው ውስጥ ይካተት።