ሜሪላንድ ላሉት የሂሳብ ባለሙያ ምስጋና፣ በኤች-ዋን-ቢ (በቀጣሪ በኩል በሚገኝ የአሜሪካ የሥራ ቪዛ) ለምትሠሩ ደግሞ ጥቆማ

እንደምን ሰነበታችሁ። የሦስት ዓመት የታክስ ማስተካከያዬ በዚህ ሳምንት አልቆ ተልኳል። የሠሩልኝን ሴት ሳላመሰግን ብቀር ህሊናዬ አይፈቅድልኝም። ስማቸው በአደባባይ እንዲወጣ አልፈለጉም፤ ሜሪላንድ የሚሠሩ፣ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ ሴት ናቸው።

አዲስ አበባ፣ ሰሚት ያለችኝ ኮንዶሚኒየም ተከራይታለች፤ ኪራዩ በብር እዚያው ባንክ ይገባል። መጀመሪያ ታክስ የሠራልኝ ሰው "የአገር ቤቱን ተወው" ስላለኝ ሳላሳውቅ ቆየሁ። እሳቸው ግን ደብሊው-ቱዬን (የዓመት ደመወዜንና የተቆረጠብኝን ታክስ የሚያሳየውን ወረቀት) እንኳ ሳያዩ "አገር ቤት ምን አለህ?" ብለው ጀመሩ። ለካ በኤች-ዋን-ቢ የምሠራ ብሆንና ግሪን ካርድ ባይኖረኝም፣ ለታክስ እንደ ነዋሪ እስከተቆጠርኩ ድረስ የትም አገር ያገኘሁትን ገቢ ማሳወቅ አለብኝ። ቤት ማከራየቱ በራሱ ከቪዛው ጋር አይጋጭም፤ ጥፋቱ መደበቁ ነው።

እህቴ ከወረዳው የኪራይ ግብር የከፈለችባቸውን ደረሰኞች በቴሌግራም ላከችልኝ። አንዱ ላይ "ሐምሌ 2015" ይላል። ለማያውቅ ሰው የድሮ ወረቀት ነው። እሳቸው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩትና እርሳስ አንስተው ጎኑ ላይ "ጁላይ 2023" ብለው ጻፉ። የእኛ የግብር ዓመት ሰኔ 30 ስለሚዘጋ፣ ኪራዩን በየወሩ ከፋፍለው በፈረንጆቹ ዓመት አስቀመጡት። አገር ቤት የከፈልኩት ግብር እዚህ ከሚጠየቅብኝ ታክስ ላይ ተያዘልኝ። ሁለቱ የባንክ ሂሳቦቼ ደግሞ ለየብቻ ትንሽ ቢመስሉም፣ ተደምረው በዓመቱ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፉ ለብቻው ሪፖርት ይደረጋል። እሱንም ሠሩልኝ።

ከሁሉም በላይ ያተረፉኝ ግን ልወጣ ስል ነው። አንድ የአዲስ አበባ ድርጅት ማታ ማታ ሶፍትዌር እንድሠራለት ጠይቆኝ ነበር፤ ክፍያው እዚያው፣ በብር። "ይሄን ለሚቀጥለው ዓመት የት ነው የምንሞላው?" አልኳቸው። እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

"ሥራውን የምትሠራው የት ቁጭ ብለህ ነው?"

"ቤቴ ነዋ፣ እዚሁ።"

"እንግዲያው ልጄ፣ ብሩ የትም ይግባ፣ ሥራው የተሠራው አሜሪካ ነው። የአንተ ፈቃድ ደግሞ ላስመጣህ ቀጣሪ ብቻ ነው።"

ጠበቃ እንዳልሆኑ ነግረውኝ፣ ሳልፈርም የኢሚግሬሽን ጠበቃ እንድጠይቅ ለመኑኝ። ጠየቅሁ፤ ያሉት ልክ ነበር። ሁለተኛ ሥራ የሚፈቀደው ሁለተኛው ቀጣሪም የራሱን ማመልከቻ አስገብቶልኝ ከሆነ ብቻ ነው። ግሪን ካርዴ በሂደት ላይ እያለ ያንን ውል ፈርሜ ቢሆን ኖሮ ብዬ ሳስብ አሁንም ሆዴ ይርዳል። ዝም ብለው ቢሞሉልኝ ኖሮ እሳቸው ክፍያቸውን ባገኙ ነበር፤ እኔ ግን አላውቅም ነበር።

ዋጋቸውን ሥራው ሳይጀመር በወረቀት ጽፈው ይሰጣሉ። ይህን ያህል ተመላሽ አወጣልሃለሁ ብለው ተስፋ አይሰጡም፤ እኔ ይሄንን እወድላቸዋለሁ። ከጥር እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ሰው ይበዛባቸዋል፣ ቀደም ብላችሁ ቀጠሮ ያዙ። የኪራይ ውላችሁን፣ የግብር ደረሰኝና የባንክ ስቴትመንት ይዛችሁ ሂዱ፤ አማርኛ ቢሆንም ችግር የለውም። ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሳቸውን አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ።

እትዬ፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።