የድሮ የጀርመን ባሕርተኛ ኮፍያ ወይም ፎቶ ያላችሁ፣ ኪል ያለውን ባለሙያ ጠይቁ

በሰሜን ጀርመን ባለችው ኪል ከተማ ላይ የድሮ ዩኒፎርም የሚጠግነውንና የሚለየውን ባለሙያ ከልብ እናመሰግናለን፤ እጁ ይባረክ። ስሙን እዚህ አንጽፍም፤ አድራሻውን የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጠይቀን።

ሻጮች ሰማያዊ የባሕርተኛ ልብስ ባዩ ቁጥር «ክሪግስማሪነ» (የናዚ ዘመን የጀርመን ባሕር ኃይል) ብለው ይለጥፉበታል። ብዙ ጊዜ ግን ልብሱ የባሕር ኃይሉ ሳይሆን የናዚ ፓርቲ ክንፎች ነው፦ የሂትለር ወጣቶች የባሕር ክፍል ማሪነ-ሂትለርዩገንድ ወይም የፓርቲው ታጣቂ ቡድን የኤስአ የባሕር ክፍል ማሪነ-ኤስአ።

ባለሙያው ፎቶ ሲደርሰው መጀመሪያ የኮፍያውን ሪባን ያነባል። ፊደሉ የተገለበጠ ከሆነ ፎቶው ከኔጋቲቩ ሲታተም ተገልብጧል፤ ግራና ቀኙ አይታመንም። ቀጥሎ ቀኝ ደረትን ያያል። የባሕር ኃይሉ ንስር የሚሰፋው እዚያ ነው። የማሪነ-ሂትለርዩገንድ ልጅ ደረቱ ላይ ንስር የለውም፤ ግራ እጅጌው ላይ ቀይ-ነጭ-ቀይ መታጠቂያ፣ ኮፍያው ላይ ደግሞ የሂትለርዩገንድ ባለ አራት ማዕዘን የኤናሜል ባጅ አለው። ማሪነ-ኤስአ በስዋስቲካ መታጠቂያውና በአንገቱ ምልክት ይለያል። እጅጌው ላይ የቫይኪንግ መርከብ ያለበት ሞላላ ባጅ ካለ ነገሩ ከናዚ ዘመን ይቀድማል፦ እ.ኤ.አ. በ1919 ቪልሄልምስሃፈን ላይ የተቋቋመውና በመጋቢት 1920 በካፕ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በርሊን የገባው የበጎ ፈቃድ ታጣቂዎች ቡድን፣ የኤርሃርት ብርጌድ፣ ነው። «ንስሩ ወደየት ያያል?» ብሎ የፓርቲውን ንስር ከጦሩ የመለያ ዘዴ፣ ሁሉም ሰው የሚያወራውን፣ እሱ መጨረሻ ላይ ነው የሚያነሳው። አካሄዱ ልክ ነው ብለን እናምናለን፤ በተገለበጠ ፎቶ ላይ ያ ዘዴ ያሳስታል።

ዋናው ችሎታው ግን ኮፍያው እጁ ሲገባ ነው። የሪባኑን ጠርዝ በቀስታ ያነሳና ሥሩን ያያል። ሪባኑ ለዓመታት እዚያው ከቆየ የተሸፈነው ጨርቅ ከቀረው ይልቅ ጠቆር ያለ ነው። ከሥሩም ከላይም እኩል የደበዘዘ ከሆነ ሪባኑ በቅርቡ የተጠመጠመ ነው። ከዚያ ኮፍያውን ገልብጦ የባጁን ቀዳዳዎች ይቆጥራል። ከባጁ እግሮች ጋር የማይገጥም ቀዳዳ ከተረፈ፣ በፊት ሌላ ነገር ተሰክቶበት ነበር፤ የባሕር ኃይል ኮፍያ ላይ የወጣቶች ባጅ ሰክቶ መሸጥ ማጭበርበር ነው። የባሕር ኃይል ኮፍያ ፊት ላይ ያለው የአገሪቱን ቀለሞች የያዘ ክብ ምልክት ጥቁር-ነጭ-ቀይ መሆኑንም ያረጋግጣል። ጥቁር-ቀይ-ወርቃማ ከሆነ ኮፍያው እ.ኤ.አ. በ1956 ከተመሠረተው ከጦርነቱ በኋላ ባሕር ኃይል ሊሆን ይችላል።

ባጁን በ10 እጥፍ ማጉያ ያየዋል። በእውነተኛ ኤናሜል ላይ ቀለሞቹን የሚለያይ ቀጭን የብረት ግድግዳ ይታያል፤ በቅጂው ቀለሞቹ ይቀላቀላሉ። ጀርባው ላይ «አርዜትኤም» (RZM፣ የናዚ ፓርቲ ዕቃዎችን ሥራ የሚቆጣጠረው ቢሮ) የሚል ማኅተም መኖሩ የፓርቲ ዕቃ መሆኑን ይጠቁማል፤ ግን ቅጂ ሠሪዎችም ይመቱታል፣ ብቻውን አያስተማምንም። የአልትራቫዮሌት መብራት የሚያበራው ስፌቱ ላይ ነው። ክሩ በደማቁ ካበራ አዲስ ክር ነው ብሎ ይጠረጥራል፤ በዘመናዊ ሳሙና የታጠበ የድሮ ጨርቅም ያበራልና በዚህ ብቻ አይፈርድም።

ስለዚህ ከመላካችሁ በፊት አትጠቡት፣ አትተኩሱት። ብል ካለበት አየር በማያስገባ ፕላስቲክ አሽጋችሁ በ−18 ዲግሪ 2 ሳምንት ፍሪዘር ውስጥ አቆዩት፤ ስታወጡ ላብ እንዳይዘው ሳትከፍቱ ወደ ክፍሉ ሙቀት እስኪመለስ ጠብቁ። በቀን ብርሃን 4 ፎቶ አንሱ፦ ከፊት፣ ከኋላ፣ ከውስጥ፣ ባጁ ደግሞ ከማስመሪያ ጋር። ዋጋ አይተምንም፣ ቅጂ የሆነውንም ፊት ለፊት ይነግራችኋል። ጀርመን ያላችሁ ስዋስቲካው የሚታይበትን ፎቶ በአደባባይ አትለጥፉ፤ ከምርምርና ከትምህርት ውጭ ከሆነ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 86ሀ ያስጠይቃል።