የገጠር ካውንቲ ፐርሚት ቢሮ፦ ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ

ሰላም ወገኖቼ፣ ቨርጂኒያ ገጠር ውስጥ 6 ኤከር መሬት ገዝተን ቤት ልንሰራ ስንነሳ ስለ ዞኒንግ (መሬት ለምን አገልግሎት እንደሚውል የሚወስነው ህግ) እና ስለ ፐርሚት (የስራ ፈቃዱ ወረቀት) በአማርኛ የጻፈ ሰው ፈልጌ አጣሁ፣ ስለዚህ ያየሁትን ልጻፍላችሁ ብዬ ነው። የካውንቲውን ስም አልጠራም። ከአሌክሳንድሪያ ሁለት ሰዓት ግድም ያስነዳል፣ ከሰው ከብት የሚበዛበት ሰፈር ነው፣ ቢሮው ደግሞ አንድ አዳራሽ ውስጥ ሶስት ጠረጴዛ ብቻ ነው፣ ተራ መያዣ ቁጥር ምናምን የለም፣ ገብተህ ትቀመጣለህ።

የመጀመሪያ ቀን ስሄድ ፎልደሬን ይዤ ልቤ እየመታ ነው የገባሁት፣ እኔ ከማውቀው የባለጉዳይ ኑሮ የተነሳ ዛሬ ሂድ ነገ ና ይሉኛል ብዬ ነበር። ካውንተሩ ላይ ያሉት እናት አርባ ደቂቃ ሙሉ አስቀምጠው አስረዱኝ፣ እውነቴን ነው፣ ኮምፒውተራቸውን ወደኔ አዙረው የካውንቲውን ካርታ ከፍተው ገና ልንገዛው ያሰብነውን መሬት ከነድንበሩ አሳዩኝ። ይሄ ካርታ ደግሞ ኦንላይን ለማንም ክፍት ነው፣ ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ መሬቱ በምን ዞን እንደተመደበ፣ ጎርፍ ክልል ውስጥ ይግባ አይግባ ማየት ትችላላችሁ። የእኛው የእርሻ ዞን ነው፣ አንድ መኖሪያ ቤት እዛ ላይ መስራት በመብት የተፈቀደ ስለሆነ ልዩ ፈቃድ መጠየቅ የለብንም፣ ፎርም ሞልተን ፕላን አስገብተን ከፍለን ፐርሚቱን ማውጣት ብቻ ነው። ግን ልብ በሉ፣ ብዙ ሀበሻ መሬት የሚፈልገው ለሰርግና ለዝግጅት የሚከራይ ቦታ ልክፈት ብሎ ነው፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ልዩ ፈቃድ ይጠይቃል፣ መጀመሪያ የፕላኒንግ ኮሚሽኑ ያየዋል ከዛ ወደ ካውንቲው ቦርድ ይሄዳል፣ በመሃል ህዝብ ይሰበሰብና ጎረቤት ተነስቶ መኪናው በዛ ሙዚቃው ረበሸን ብሎ ይናገራል። እዚህ አገር ጎረቤት ትልቅ ድምፅ አለው።

ልናረባ ስላሰብናቸው በጎችም ጠየቅኳቸው። ለእርሻ ብቻ የሚውል በረት ቨርጂኒያ ውስጥ ከግንባታ ኮዱ ነፃ ነው፣ የቢልዲንግ ፐርሚት አያስፈልገውም፣ ከድንበር ምን ያህል ይራቅ የሚለውን የዞኒንግ ህግ ግን ማክበር አለበት። እቃ ማስቀመጫ ቤት ደግሞ እስከ 256 ስኩዌር ፊት ከሆነ ያለ ቢልዲንግ ፐርሚት ይሰራል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ አፈሩ። ከተማ የኖረ ሰው ፍሳሽ የት እንደሚሄድ አስቦ አያውቅም፣ ገጠር ግን የከተማ መስመር የለም፣ ሴፕቲክ ነው፣ ማለትም ፍሳሹ እዛው ግቢህ ውስጥ ታንከር ገብቶ ከዛ ወደ አፈሩ የሚሰርግበት ነው፣ ሴፕቲኩን ደግሞ የሚፈቅደው ጤና ጥበቃው ነው፣ አፈሩ ካልተፈቀደ የቢልዲንግ ፐርሚቱም አይወጣም። ቤተክርስቲያን የማውቃቸው አንድ ጋሼ፣ እሳቸው ቀድመውን ገጠር የገቡ ናቸው፣ "ልጄ፣ ፐርክ ሳታስደርግ እንዳትፈርም" አሉኝ፣ አፈሩ ፍሳሽ መምጠጥ ይችል እንደሆነ ሳታስፈትሽ ማለታቸው ነው፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ኮንትራቱ ላይ አፈሩ ካላለፈ ውሉ ይፈርሳል ብለን አስገባን። ላይሰንስ ያለው የአፈር ባለሙያ ቀጠርን፣ ሰውየው በእጅ የሚዞር መሰርሰሪያ ይዞ መጣና መሬቱን እየበሳ ያወጣውን አፈር ሳሩ ላይ በተርታ ይደረድረዋል፣ ከላይ የወጣው መጀመሪያ ከታች የወጣው መጨረሻ፣ ከዛ የአፈር ቀለም ናሙና ያለበት መጽሐፍ አውጥቶ አንድ በአንድ ያመሳክራል። እኛ ቤቱን ልንሰራበት ያሰብንበት ሜዳ ላይ ገና አንድ ክንድ ሳይወርድ ቀዩ አፈር ውስጥ ግራጫ ነጠብጣብ መጣ። ግራጫው ምን ማለት እንደሆነ እሱ ከመናገሩ በፊት አውቄዋለሁ፣ አባቴ መረሬ ላይ ሲያርስ ያደግኩ ልጅ ነኝ፣ ክረምት ውሃ የሚተኛበት መሬት እንደዛ ነው የሚመስለው። ባለቤቴ ያን ሜዳ ወዳው ነበር፣ ተራራው ከዛ ነበር የሚታየው፣ ዝም ብላ ቆማ አየችው። አራተኛው ጉድጓድ ላይ፣ ከኦክ ዛፎቹ አጠገብ፣ ቀይ አፈር ብቻ እየወጣ ወረደ፣ ሰውየውም ፈገግ አለ፣ እዛ ላይ አለፈ። አንድ የማውቃቸው ቤተሰብ ግን ሳያስፈትሹ ገዝተው አፈሩ ጥልቀት ስላልነበረው ፍሳሹን አስቀድሞ የሚያጣራ ሲስተም ነው የተፈቀደላቸው፣ ዋጋው በጣም ይወደዳል ቢያንስ በዓመት አንዴ ደግሞ ላይሰንስ ባለው ሰው መታየት አለበት፣ ቤቱ እስካለ ድረስ የማይቀር ወጪ ነው።

አንዷን ኮከብ የቀነስኩት በዚህ ነው። ሳይት ፕላኔን (ቤቱ መሬቱ ላይ የት እንደሚያርፍ የሚያሳየውን ስዕል) አስገብቼ ሶስት ሳምንት ከጠበቅኩ በኋላ ተመለሰልኝ፣ ምክንያቱ ቤቱ ከመንገድ ያለውን ርቀት ከአስፋልቱ ጠርዝ ለክቼው ነበር፣ ለካ የሚለካው ከመንገዱ ይዞታ ድንበር ነው፣ ይዞታው ደግሞ ሳሩንና ቦዩን ሁሉ አልፎ ይገባል። ያ አርባ ደቂቃ ውስጥ ይቺን አንድ አረፍተ ነገር የነገረኝ የለም፣ ፎርሙም ላይ የለችም። ቤቱን 20 ፊት ወደ ኋላ ስስበው ደግሞ ለሴፕቲኩ መጠባበቂያ የተያዘው ቦታ ውስጥ ገባ፣ የአፈር ባለሙያው እንደገና ተከፍሎት ስዕሉን አስተካከለ፣ እንደገና ጤና ጥበቃ ሄደ፣ በጠቅላላ ሁለት ወር ሄደብን፣ የአፓርታማ ኪራይ እየከፈልን። የቤት መግቢያ መንገዱ ደግሞ የካውንቲው ጉዳይ አይደለም፣ መንገዱ የስቴቱ ስለሆነ ፈቃዱ ከስቴቱ ትራንስፖርት መስሪያ ቤት ነው፣ እነሱም መኪና ከየት እስከየት እንደሚታይ መጥተው አዩ። ሶስት ቢሮ ነው፣ ሶስቱ እርስ በርስ አይነጋገሩም፣ ወረቀቱን ይዘህ የምትዞረው አንተ ነህ።

የግንባታ ኢንስፔክተራቸውን ግን ሳላመሰግን አላልፍም። ፋውንዴሽኑን ቆፍረን ብረቱን አስረን ለጠዋት ቀጠርነው፣ ሌሊት ዝናብ ጣለ። በሰዓቱ መጣ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ ብረት ዘንግ መሬቱ ላይ ሲጫን ጭቃው ውስጥ ስምጥ አለ፣ አይሆንም አለ፣ ጭቃው እስከ ደረቁ ካልተጠረገ አላሳልፍም። ኮንክሪቱ የታዘዘው ለሰባት ሰዓት ነው። እኔና ወንድሜ ከሰራተኞቹ ጋር አካፋ ይዘን ገባን፣ ስንጨርስ ስድስት ሰዓት ሆኗል፣ ሌላ ቀጠሮ ሄዶ የነበረው ኢንስፔክተር ምሳውን ትቶ ተመልሶ መጣልን፣ እንደገና ዘንጉን ተጭኖ አየና ፈረመ። መኪናው ሲደርስ ወረቀቱ እጄ ላይ ነበር። ሲቆጣጠር ጠንካራ ነው፣ ግን እንዲያልፍልህ የሚፈልግ ሰው ነው፣ ቤቴ ላይ እንደዛ አይነት ሰው ስለፈረመ ደስ ይለኛል።

ሌላ የምላችሁ፣ ከመቆፈራችሁ በፊት 811 ደውሉ፣ ከመሬት ስር የተቀበሩትን መስመሮች መጥተው በነፃ ምልክት ያደርጋሉ። ፐርሚቱ ከወጣ በኋላ 6 ወር ውስጥ ስራ ካልጀመራችሁ ሊሰረዝባችሁ ይችላል፣ ስለዚህ ብሩ ሳይዘጋጅ አታውጡት።

አሁን ፍሬሙ አልቆ ኢንሱሌሽን ላይ ነን። ባለፈው ሳምንት ቢሮ ስሄድ ለእኚያ እናት ርቀቱ ከየት እንደሚለካ የሚያሳይ አንድ ስዕል ካውንተሩ ላይ ቢለጠፍ ሌላው ሰው እንደኔ ሁለት ወር አያቃጥልም አልኳቸው፣ ማስታወሻቸው ላይ ጻፉት። ስዕሉን የለጠፉት ቀን አምስተኛዋን ኮከብ እጨምራለሁ።