ዕድሜዋ የገፋ ዓይን አፋር ድመት ከጊዜያዊ አሳዳጊ ስለ መረከብ
በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ባለቤት አልባ እንስሳትን የሚታደግ አንድ የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር፣ የ12 ዓመቷን ዓይን አፋር ድመት ያስተዋወቀኝ በመጠለያ የሽቦ ፍርግርግ ውስጥ ሳይሆን በጊዜያዊ አሳዳጊዋ ሳሎን ውስጥ ነው፤ የአገልግሎቱም ዋና ብልጫ ይኸው ይመስለኛል። አሳዳጊዋ፣ ድመቷ ከሶፋ ሥር የምትወጣበትን ሰዓት፣ የምትመርጠውን ምግብና የምትፈራውን ድምፅ ሁሉ በዝርዝር አስረድተውኛል። በዚህ ዕድሜ የኩላሊትና የታይሮይድ ሕመም በድመቶች ላይ ስለሚበዛ፣ የደም ምርመራ ውጤቷን ሳልጠይቃቸው ማሳየታቸው የሚያስመሰግን ነው። በመጀመሪያ በአንዲት ጸጥተኛ ክፍል ብቻ እንድትቆይ፣ ከመደበቂያዋም ማንም በግድ እንዳያወጣት የሰጡኝ ምክር በሚገባ ሠርቷል፤ ዛሬ እንግዳ ሲመጣ እንጂ ከእኔ አትደበቅም። እሷን ለመረከብ የሚከፈለው ለግልገል ድመት ከሚጠየቀው ያነሰ ነው። የማመልከቻው ቅጽ ግን የቪዛ ማመልከቻ እስኪመስል የረዘመ በመሆኑ ቢያሳጥሩት መልካም ነው።