ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ያለ የግንባታ ዕቃ መደብር፦ ፌሮውን መዝኖ የሚሸጥ

የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የፌሮ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ፣ ለእኛ ለተቋራጮች ከማስታወቂያ ይልቅ የሚጠቅመን የታመነ ፕሮፎርማ (ከግዢ በፊት የሚሰጥ የዋጋ ማቅረቢያ) ነው። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የሚገኘው ይህ መደብር ጉዳዩን በሚገባ ተረድቶታል። የሽያጭ ሠራተኛዋ ስለ ቅናሽ ከማውራቷ በፊት ባለ 12 ሚሊ ሜትሩን ፌሮ ሚዛን ላይ አስወጣች፤ 12 ሜትር ርዝመት ያለው አንድ ቤርጋ (አንድ ዘንግ ፌሮ) 10.66 ኪሎ ግራም ገደማ መመዘን ስላለበት፣ የሳሳ ብረት ወዲያው ይታወቃል። እንዲህ ያለውን ማረጋገጫ የትኛውም የሚያብረቀርቅ ብሮሹር አይተካውም። ቅር ያሰኘኝ የፕሮፎርማው ዋጋ የሚጸናው ለሦስት ቀን ብቻ መሆኑ ነው፤ አማካሪ መሐንዲሱ የፌሮውን ናሙና መርምሮ እስኪያጸድቅ ከሳምንት በላይ ይፈጃልና። ጭነቱ ግን በቀጠሮው ሰዓት ሳይት ደርሷል።