ሐዋሳ ላይ የተከታተልኩት የሕዝቅኤል ራእይ ትርጓሜ ኮርስ

ከገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ወደ ፍቅር ሐይቅ በሚወስደው ዋና መንገድ ዳር፣ በአንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የተሰጠውን የትንቢተ ሕዝቅኤል ምዕራፍ አንድ ትርጓሜ ኮርስ አንድም ቀን ሳልቀር ተከታትያለሁ። ክፍያው 800 ብር ነበር። ቀጣዩ ዙር ሊጀመር መሆኑን ስለሰማሁ፣ ለመመዝገብ የሚያስቡ ሰዎች የሚያገኙትንም የሚጎድልባቸውንም አስቀድመው ቢያውቁ ይሻላል ብዬ ይህን ጽፌያለሁ።

መምህሩ በጉባኤ ቤት የመጻሕፍት ትርጓሜ የተማሩ ሰው ናቸው፤ ከተማሪዎቹ መካከል ግን ኦርቶዶክሱም ፕሮቴስታንቱም ነበረበት፣ ማንም ባይተዋርነት ሲሰማው አላየሁም። የመጀመሪያውን ቀን ሙሉውን በሦስት ቁጥሮች ላይ ብቻ ሲያሳልፉ፣ ነቢዩ ከእግዚአብሔር ዙፋን በታች ስላያቸው አራት ገጽ ያላቸው እንስሶችና መንኮራኩሮች ለመስማት የመጣን ሰዎች ትዕግሥታችን ተፈትኖ ነበር። ምክንያታቸው የገባኝ ቆይቶ ነው። ሕዝቅኤል የካህን ልጅ፣ ራሱም ካህን ነው፤ በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 4 ደግሞ የመገናኛው ድንኳን አገልግሎት የሚጀመረው በ30 ዓመት ነው። በራእዩ መክፈቻ ላይ ያለው «ሠላሳኛው ዓመት» ብዙ ተርጓሚዎች እንደሚሉት የነቢዩ ዕድሜ ከሆነ፣ ሰውዬው ወደ መቅደስ ሊገባ በሚገባው ዓመት መቅደስ በሌለበት ባዕድ አገር፣ በኮቦር ወንዝ ዳር፣ ከምርኮኞች ጋር ተቀምጧል ማለት ነው። ዘመኑ የይሁዳ ንጉሥ ዮአኪን ከተማረከ አምስተኛው ዓመት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 593 ነው። ወንዝ ብለን የምናነበውም በባቢሎን አገር በኒፑር ከተማ አካባቢ የነበረ ቦይ መሆኑን፣ ስሙም ከኒፑር በተገኙ የሸክላ ጽሑፎች ላይ እንደሚታይ መምህሩ አስረዱን። ይህ ሁሉ ሳይያዝ ወደ ምልክቶቹ መሮጥ፣ ደብዳቤው ለማን እንደተጻፈ ሳያዩ እንደ ማንበብ ነው።

ኮርሱ ገንዘቡን የሚያወጣው በሦስተኛው ሳምንት ነው። መምህሩ ከሽቦና ከካርቶን የሠሩትን ነገር ከፌስታል አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት፤ ሁለት ክቦች ናቸው፣ አንዱ በሌላው ውስጥ መስቀለኛ ሆኖ የገባ። ወደ ፊት ገፉት፣ ሄደ፤ ሳያዞሩት ወደ ጎን ገፉት፣ እንደዚያው ሄደ። ከዚያም «ሲሄዱም አይገላበጡም» የሚለውን ቃል ቀስ ብለው አነበቡልን። ዙፋኑ መንኮራኩር አለው፤ ስለዚህ በኢየሩሳሌም ብቻ ታስሮ አይቀመጥም፣ ምርኮኛው ወዳለበት ወደ ባቢሎን ሳይቀር ይመጣል። በመንኮራኩሮቹ ክፈፎች ዙሪያ የሞሉት ዓይኖችም የትም ቢሄድ የማይሰወርበት ነገር እንደሌለ የሚያሳዩ ናቸው አሉ። በልጅነቴ በሥዕል አይቼ የፈራኋቸው ዓይኖች ያን ዕለት መጽናኛ ሆኑልኝ።

አንድ ወጣት በስልኩ ያየውን ቪዲዮ ጠቅሶ፣ «መምህር፣ ያየው ከጠፈር የመጣ መንኮራኩር ነው የሚሉ አሉ፤ ቃሉም ያው መንኮራኩር ነው» አለ። መምህሩ አላሳፈሩትም። «ልጄ፣ የመጽሐፉ መንኮራኩር የሠረገላ እግር ነው፤ ለጠፈሩ መሣሪያ ስሙን ያወረስነው እኛ ነን» ብለው፣ ከዕብራይስጡ ሌላ ምሳሌ ጨመሩለት። በእሳቱ መካከል የታየው ብልጭታ «ሐሽማል» ይባላል፤ የሰባው ሊቃናት የግሪክኛ ትርጉም «ኤሌክትሮን» (የወርቅና የብር ቅይጥ ወይም ዕንባር) ብሎታል፣ በዛሬው የእስራኤል ቋንቋ ግን ሐሽማል ማለት የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ነቢዩ ኤሌክትሪክ አየ የሚል ግን የለም። የኋለኛውን ቃል ትርጉም ወደ ቀደመው ዘመን መውሰድ እንዴት እንደሚያስት ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም።

ስለ አራቱ ገጾች የተሰጠው ትምህርትም ጥልቅ ነበር። ገጸ ሰብእ፣ ገጸ አንበሳ፣ ገጸ ላሕም (የላም ፊት) እና ገጸ ንስር በሥላሴ ሥዕል አራት ማዕዘን የምናያቸው፣ በዓላቸውንም ኅዳር 8 ቀን የምናከብረው ናቸው። ለአራቱ ወንጌላውያን ምልክት ሆነው ሲከፋፈሉ ግን የጥንት የቤተ ክርስቲያን አባቶች አንድ ቃል አልተናገሩም፦ ሄሬኔዎስ አንበሳውን ለዮሐንስ፣ ንስሩን ለማርቆስ ሲሰጥ፣ ጄሮም አንበሳውን ለማርቆስ፣ ንስሩን ለዮሐንስ ሰጥቷል። አንዲት እናት «ታዲያ የትኛው ነው ልኩ መምህር?» ብለው ሲጠይቁ፣ «እማማ፣ ለአንድ ንባብ ብዙ ፍቺ እየሰጠን ‹አንድም› ብለን የምንተረጉመው ለዚህ ነው፤ አንዱ ሌላውን አይሽረውም፣ ንባቡን ግን ሁሉም መጠበቅ አለበት» አሏቸው። ንባቡ ራሱም ያስተምራል፤ በምዕራፍ 10 ቁጥር 14 ላይ የላሙ ገጽ በኪሩብ ገጽ ተተክቷል። የሰው ራስ፣ የበሬ ወይም የአንበሳ ገላ፣ የንስር ክንፍ ያላቸው ምስሎች የአሦር ቤተ መንግሥቶችን በር ይጠብቁ እንደነበርም ሰማን። ለነገሥታቱ በር ላይ የቆሙት ዓይነት ፍጡራን በራእዩ ውስጥ ከእግዚአብሔር ዙፋን በታች ተሸካሚዎች ሆነው መታየታቸው፣ በድል አድራጊዎቹ አገር ለተቀመጠ ምርኮኛ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሚናገር አስቡት።

ጉድለቱን ሳልናገር ብቀር ግን ግምገማው እውነተኛ አይሆንም። ስንመዘገብ ስምንት ሳምንት ተብሎ ሰባት ሳምንት ብቻ ተምረናል፤ ለቀረው ቀን ገንዘብም ምትክም አልተሰጠንም፣ አዘጋጆቹን ብንጠይቅም ቁርጥ ያለ መልስ አላገኘንም። ከዚህ የተነሣ የራእዩ ጫፍ የሆኑት ከቁጥር 26 እስከ 28 ያሉት በግማሽ ሰዓት አለፉ። እጅግ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ ነቢዩ ወደ ዙፋኑ በቀረበ ቁጥር «አምሳያ»፣ «መልክ»፣ «የሚመስል» የሚሉትን ቃላት እየደራረበ፣ በመጨረሻም የእግዚአብሔር ክብር ምሳሌ መልክ እንጂ ክብሩን ራሱን አየሁ የማይልበትን ጥንቃቄ በዝግታ ማየት ይገባን ነበር። የተሰጠን የፎቶ ኮፒ ወረቀትም ቀለሙ የደከመ፣ የግእዙ ንባብ በቀኝ ጠርዙ የተቆረጠ ነው፤ እኔ የጎደሉትን ፊደላት ከሌላ መጽሐፍ እያየሁ በእስክሪብቶ ሞልቻለሁ።

ለመመዝገብ የምትሹ፣ የራሳችሁን መጽሐፍ ቅዱስ ይዛችሁ ሂዱ፣ ምዕራፍ 1ን እና ምዕራፍ 10ን ጎን ለጎን አንብባችሁ ጀምሩ፣ የሳምንቱንም ቁጥር ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት በጽሑፍ አስቀምጡ። እኔ የእግዚአብሔር ክብር ከመቅደሱ ወጥቶ ከከተማይቱ በምሥራቅ ባለው ተራራ ላይ ስለቆመበት ክፍል ለሚሰጠው ለሁለተኛው ዙር ተመዝግቤያለሁ፤ መምህሩም የሽቦውን መንኮራኩር መልሰው እንዲያመጡት ለምኛቸዋለሁ።